401 ሲመጣ አትደንግጡ

ደብረ ማርቆስ ላይ የአንድ ገበሬዎች ማኅበር የጤፍ ርክክብ መመዝገቢያ ሰርቨር የማየው እኔ ነኝ። ልጆቹ «401 አለን፣ ተበላሸ!» እያሉ ይደውላሉ። ኧረ አልተበላሸም። 401 ሰርቨሩ ለብሮውዘሩ የሚመልሰው የመልስ ቁጥር ነው፤ «ማን ልበል?» ማለቱ ነው።

ብሮውዘሩ ላይ ኤፍ 12 ተጫኑ። ኔትወርክ የሚለውን ከፍታችሁ ገጹን እንደገና ጫኑት። 401 ያለበትን መስመር ነክታችሁ «ደብልዩ ደብልዩ ደብልዩ ኦተንቲኬት» የሚለውን ሄደር (ከመልሱ ጋር አብሮ የሚላክ የመረጃ መስመር) ፈልጉ። ሰርቨሩ የሚቀበላቸው መንገዶች እዚያ አሉ፦ ቤዚክ፣ ዳይጀስት፣ ኔጎሺዬት፣ ወይም አንዱ ብቻ። ብሮውዘሩ ከሚያውቃቸው ጠንካራውን ይመርጥና ማስረጃውን «ኦቶራይዜሽን» በሚባል ሄደር ይልካል። የሚያውቀው ከሌለ ግን ስምምነት የለም፤ የይለፍ ቃል ደጋግሞ መጻፍ ትርፉ ድካም ነው።

ቤዚክ ስሙንና የይለፍ ቃሉን ቤዝ 64 በሚባል የአጻጻፍ ዘዴ ብቻ ነው የሚጽፈው። ይህ ምስጠራ አይደለም፤ ማንም ይፈታዋል። ያለ ኤችቲቲፒኤስ (መረጃውን በመንገድ ላይ የሚመሰጥር ግንኙነት) እንዳታበሩት፣ በተለይ የካፌ ዋይፋይ ላይ። ዳይጀስት የይለፍ ቃሉን ራሱን አይልክም፤ ሰርቨሩ ከሰጠው ቁጥር ጋር አዋህዶ ሃሽ፣ ማለትም ወደ ኋላ እንዳይፈታ ተደርጎ የተሰላ ኮድ፣ ይልካል። እኔ ግን ቤዚክን በኤችቲቲፒኤስ እመርጣለሁ፤ ለማዋቀር ቀላል ነው።

407 ካያችሁ ጠያቂው ፕሮክሲው፣ ማለትም በእናንተና በሰርቨሩ መካከል ያለው አገናኝ ኮምፒውተር ነው። 403 ከሆነ ጉዳዩ የፈቃድ ነው፤ ለእኔ ሳይሆን ለማኅበሩ ጸሐፊ ደውሉ።