አውቶቡሶች ተያይዘው እንዳይመጡ እንዴት ይደረጋል?

ደብረ ብርሃን ላይ በጠዋቱ ብርድ ፌርማታ የቆመ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ጋቢውን እስከ አፍንጫው ስቦ ሃያ ደቂቃ ይጠብቃል፤ ከዚያ ሁለት አውቶቡሶች ተከታትለው ይመጣሉ። የፊተኛው በሩ አልዘጋ እስኪል ታጭቋል፣ የኋለኛው ወንበሩ ባዶ ነው። ሰው ሹፌሮቹን ይረግማል። እኔም ስንት ጊዜ ረግሜያለሁ፤ ጥፋቱ ግን ብዙውን ጊዜ የእነሱ አይደለም።

አንድ አውቶቡስ በጎች አስፋልት እስኪያቋርጡ ሁለት ደቂቃ ቆመ እንበል። ቀጣዩ ፌርማታ ላይ የሁለት ደቂቃ ተጨማሪ ሰው ተሰብስቦ ይጠብቀዋል። ያን ሁሉ ጭኖ፣ ሂሳብ ተቀብሎ፣ መልስ ሰጥቶ እስኪነሳ ይበልጥ ይዘገያል። ከኋላው ያለው ደግሞ የሚያነሳው ሰው ስለሚያጣ ይፈጥናል፤ በመጨረሻም ይደርስበታል። ኒዌልና ፖትስ የተባሉ ተመራማሪዎች ይህንን በ1964 (እ.ኤ.አ.) በሂሳብ አሳይተዋል። ስለዚህ አውቶቡሶች ዝም ከተባሉ መጠጋጋታቸው አይቀርም፤ አራርቆ የሚይዛቸው ሰው ያስፈልጋል። ሥራው የስምሪት ክፍሉና የተራ አስከባሪው ነው፤ አካሄዱም እንደሚከተለው ነው።

መጀመሪያ ደብተርና ሰዓት ይዞ ከመስመሩ መካከል አንድ ፌርማታ ላይ መቆም ነው። መነሻው ላይ መቆም አይጠቅምም፤ እዚያ ሁሉም ነገር ያማረ ይመስላል። ደብተሩ ላይ 1፡04፣ 1፡05፣ 1፡23፣ 1፡26፣ 1፡44፣ 1፡45 ተብሎ ተጻፈ እንበል። በ41 ደቂቃ ውስጥ አምስት ክፍተት አለ፤ ተካፍሎ ሲታይ በየ8 ደቂቃው አውቶቡስ አለ ማለት ነው። ለሪፖርት ያምራል። ተሳፋሪው ግን የሚመጣው በዘፈቀደ ነው፤ ከ41ዱ ደቂቃ 36ቱ የሚያልፉት በሁለቱ ረጃጅም ክፍተቶች፣ ማለትም በ18 እና በ18 ደቂቃዎቹ ውስጥ ነው። እውነተኛውን አማካይ ጥበቃ ለማግኘት እያንዳንዱን ክፍተት በራሱ አባዝቶ መደመር፣ ድምሩንም ለ41 እጥፍ ማካፈል ነው። 659 ለ82 ሲካፈል 8 ደቂቃ ይሆናል። አውቶቡሶቹ እኩል ተራርቀው ቢመጡ ኖሮ 4 ደቂቃ ነበር። አንድም ተሽከርካሪ ሳይገዛ የሰዉን ጥበቃ በግማሽ መቀነስ ይቻላል ማለት ነው።

ቀጥሎ ክፍተቱን መወሰን። ደርሶ መልሱ 50 ደቂቃ ከወሰደና 10 ደቂቃ እረፍት ከተጨመረ ዙሩ 60 ደቂቃ ይሆናል፤ ስድስት አውቶቡስ ካለ በየ10 ደቂቃው አንድ ይነሳል። እረፍቱን መቁረጥ ትልቅ ስህተት ነው። ሹፌሩ ሻይ የሚጠጣባት ያቺ 10 ደቂቃ መዘግየቱን የምትውጠው እሷው ናት፤ ዘግይቶ የገባው አጭር አርፎ በተራው ይነሳል።

ከባዱ ነገር መነሻው ላይ ያለው ልማድ ነው። መናኸሪያዎቻችን የሚያውቁት «ሞልቶ መነሳትን» ነው። ይህ ወደ መሐል ሜዳ ወይም ወደ አለም ከተማ ለሚሄድ ያስኬዳል፤ ለከተማ መስመር ግን መርዝ ነው። ሞልቶ የወጣ አውቶቡስ መንገድ ላይ የቆመውን ሰው አያነሳም። የተራ አስከባሪው ትእዛዝ አንድ ብቻ መሆን አለበት፦ የፊተኛው ከተነሳ 10 ደቂቃ ሲሆነው፣ ባዶም ቢሆን፣ ይነሳ።

መንገድ ላይ አንድ ወይም ሁለት የማስተካከያ ቦታ ይመረጥ፤ በዚያ ሲያልፍ አውቶቡሱ ብዙ ሰው ያልጫነበት ቢሆን ይመረጣል። እዚያ የቆመው ሠራተኛ የፊተኛው ያለፈበትን ደቂቃ ይጽፋል፤ የኋለኛው በ6 ደቂቃ ከደረሰበት ሁለት ደቂቃ ያህል ያቆየዋል። አራቱንም ደቂቃ አያስቆመው፤ ውስጥ ያለው ሰው ይነሳበታል። ረዳቱም «ከፊታችን ያለው እንዲርቅ ነው፣ ሁለት ደቂቃ ብቻ» ብሎ ይንገራቸው፤ ሰው ምክንያቱን ሲያውቅ ይታገሳል። የዘገየውን ግን «ፍጠን» ማለት አይገባም፤ ሰው ማስገጨት ነው። የሚያዘው ሁልጊዜ የፈጠነው ነው።

ሂሳብ ከመሳፈር በፊት ፌርማታ ላይ ቢሰበሰብ፣ ሁለተኛውም በር ቢከፈት፣ መዘግየቱ ከምንጩ ይቀንሳል።

አንድ አውቶቡስ ሲበላሽ የተራ አስከባሪዎች ብዙ ጊዜ ምንም አያደርጉም፤ ቦታው ባዶ ይቀርና በየዙሩ የ20 ደቂቃ ክፍተት እየተሽከረከረ ይኖራል። ለአምስቱ 60ን አካፍሎ በየ12 ደቂቃው ማስነሳት ወዲያውኑ ያስተካክለዋል። ሁለት አውቶቡሶች አስቀድመው ከተገናኙ ደግሞ ባዶው ቀድሞ ይለፍ፤ የሞላው ማውረድ ብቻ ያድርግ።

የክፍያው ጉዳይ ካልተስተካከለ ይህ ሁሉ ከንቱ ነው። ሹፌርና ረዳት የሚኖሩት በጫኑት ሰው ልክ ወይም በቢያጆ ብዛት ከሆነ፣ ከፊት ያለውን ቀድሞ ሰውን መልቀም ጥቅማቸው ነው። በኮሎምቢያ ዋና ከተማ በቦጎታ ይህን ሽሚያ «የሳንቲም ጦርነት» ይሉት ነበር፤ በ2000 (እ.ኤ.አ.) የተጀመረው ትራንስሚሌኒዮ የተባለው የከተማዋ የአውቶቡስ አገልግሎት ሹፌሮቹን ደመወዝተኛ ያደረገው ያን ለመሸሽ ጭምር ነው። እኛም ዘንድ የመስመሩ ገቢ በአንድ ቋት ገብቶ ባለቤቶቹ እኩል ቢካፈሉ ማንም የሚሽቀዳደምበት ምክንያት አይኖረውም።

ከወር በኋላ በዚያው ፌርማታ፣ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ደብተር እንደገና መቆም ነው። ረጅሙ ክፍተት ከ18 ወደ 12 ከወረደ መልካም ነው። በገበያ ቀን ግን አይለካ፤ ያን ቀን መንገዱ የበጎቹና የአህዮቹ ነው።