ለሰሜን ሸዋ ልጆች፦ ከቦሌ እስከ ዋሽንግተን ያለውን ሰዓት ስለ መቁጠር

ከደብረ ብርሃን ቦሌ በመኪና 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከቦሌ ዋሽንግተን ደለስ አየር ማረፊያ ደግሞ በአየር 11,500 ኪሎ ሜትር ግድም ይሆናል። ርቀቱን ማንም ይነግራችኋል። ሰው የሚሳሳተው ሰዓቱ ላይ ነው።

ትኬት ላይ የሚጻፈው ሰዓት ሁሉ የየአገሩ ነው። መነሻ 22፡30፣ መድረሻ 08፡00 የሚል ትኬት ያየ ሰው ጉዞው ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ይመስለዋል። በዋሽንግተን ብርድ ወራት ኢትዮጵያ በስምንት ሰዓት ስለምትቀድም እውነተኛው ጉዞ አሥራ ሰባት ሰዓት ተኩል ነው። በመልሱ ትቀንሳላችሁ፦ ከደለስ 11፡00 ተነስቶ በማግስቱ 08፡00 ቦሌ የሚደርስ አውሮፕላን የበረረው ሃያ አንድ ሳይሆን አሥራ ሦስት ሰዓት ነው።

መሄጃው ከመመለሻው ይህን ያህል የሚረዝመው ያለ ምክንያት አይደለም። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ያለ ነው፤ አየሩ ስስ በመሆኑ ሰውና ሻንጣ የሞላ አውሮፕላን ለሙሉው መንገድ የሚበቃ ነዳጅ ይዞ ለመነሳት ይከብደዋል። ስለዚህ መንገድ ላይ አርፎ ይቀዳል። ከምዕራብ የሚነፍሰው ነፋስም ፊት ለፊት ይገጥመዋል። ደለስ ዝቅተኛ ቦታ ስለሆነ በመልሱ ታንከሩን ሞልቶ ይነሳል፤ ያው ነፋስ ደግሞ ከኋላ ይገፋዋል።

አሁን ሀገር ቤት ስልክ ወደ መደወሉ። ከኖቬምበር የመጀመሪያው እሑድ እስከ ማርች ሁለተኛው እሑድ የዋሽንግተኑ ሰዓት ላይ ሁለት ጨምሩ፤ የሚመጣው ቁጥር (ከ12 ካለፈ 12 ቀንሳችሁ) በእኛ አቆጣጠር የሀገር ቤት ሰዓት ነው። በቀረው ጊዜ አንድ ብቻ ጨምሩ። ዋሽንግተን ጠዋት 9 ሲል በብርድ ወራት መንዝ ከቀኑ 11 ሰዓት ነው፤ እናት ከብቱን አስገብታ እሳት የምታነድበት ጊዜ። ከሥራ ወጥታችሁ በዋሽንግተኑ 6 ሰዓት ማታ ላይ ብትደውሉ ግን የመንዟ ሞላሌ ከሌሊቱ 8 ነው። በዚያ ሰዓት የሚጮኽ ስልክ ለገጠር ሰው መርዶ ነው፤ ሰላምታችሁን ከመስማቷ በፊት ጉልበቷ ይርዳል። ስለዚህ ከምሳ በፊት ደውሉ።

ለዘመድ ትኬት የምትቆርጡ ከሆነ ከእኩለ ሌሊት በኋላ የሚነሳ በረራ ላይ ዓይናችሁን ክፈቱ። «ማክሰኞ 00፡40» ማለት ሰኞ ለማክሰኞ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 6፡40 ነው። አባት ማክሰኞ ማታ ሻንጣቸውን ይዘው ቦሌ ቢደርሱ አውሮፕላኑ ከሄደ ቀኑን ሙሉ አልፎታል። ስልክ ላይ «ሰኞ ማታ ቦሌ ይግቡ» ብላችሁ ንገሯቸው፤ ቀኑንም በእኛ አቆጣጠር ጨምሩላቸው። የሚደርሱበትን ከተማ ስታስረዱም የቴክሳሱን ዳላስ ከደለስ ጋር አታምታቱባቸው፤ ሁለቱ በአውሮፕላን የሰዓታት መንገድ ይራራቃሉ።

ከመሐል ሜዳ የሚመጣ መንገደኛ ዋዜማውን አዲስ አበባ ቢያድር ይሻላል። ጣርማ በር ላይ ጉም ከወረደ መኪና በእግር ይሄዳል፤ ለዓለም አቀፍ በረራ ደግሞ ከመነሻው ሦስት ሰዓት ቀድሞ አየር ማረፊያ መገኘት ያስፈልጋል። ተቀባይም ቢሆን አውሮፕላኑ ያረፈበትን ደቂቃ ቆጥሮ በር ላይ አይቁም፤ ፓስፖርት ማሳየቱና ሻንጣ መጠበቁ አንድ ሰዓት ሊበላ ይችላል።