አኩስቲክ ቤዝ ያለ አምፕ ድምፁ ሲጠፋ፦ ችግርና መፍትሄ

አኩስቲክ ቤዝ ጊታር፣ ያለ ኤሌክትሪክ በእንጨት ሳጥኑ ድምፅ የሚያወጣውን፣ የገዛሁት መብራት በጠፋ ምሽትም ከጓደኞቼ ጋር ለመጫወት ብዬ ነው። ሱቅ ውስጥ ጭኔ ላይ አድርጌ ወፍራሙን የኢ ክር ስመታው ሳጥኑ ደረቴን አንቀጠቀጠው። ደስ አለኝ። በሳምንቱ ሁለት ጊታር ወዳለበት ቤት ይዤው ሄድኩ። የመጀመሪያው ዘፈን መሃል ላይ አንዱ ጓደኛዬ ጎንበስ ብሎ "እስኪ ከፍ አድርገው፣ ምንም አይሰማኝም" አለኝ። ያለ አምፕ (ድምፅ ማጉያ) ግን ከፍ የሚደረግበት ቁልፍ የለም።

ከዚያ ወዲህ እጄ የገባውን አኩስቲክ ቤዝ ሁሉ አምፕ ላይ ሳልሰካ እሞክረዋለሁ። አጠገቡ ሌላ ካለ አወዳድረዋለሁ። ከሌሎች ቤዚስቶች የምሰማቸው ቅሬታዎችም ተመሳሳይ ናቸው። ከየት እንደሚመጡና ምን እንደሚደረግ ልንገራችሁ።

"ብቻዬን ስጫወት ይሞላል፣ ጊታር ሲገባ ይጠፋል"

የሁሉም የመጀመሪያ ቅሬታ ይህ ነው። ብቻችሁን ስትሆኑ ድምፁን የምትሰሙት በጆሮ ብቻ አይደለም። ሳጥኑ ጭናችሁንና ደረታችሁን ይነካል፤ ሰውነታችሁም አብሮ ይሰማል። ሦስት ሜትር ርቆ የተቀመጠው ሰው ይህ አይደርሰውም።

ዋናው ምክንያት ግን የሳጥኑ መጠን ነው። የቤዝ ኢ ክር በሰከንድ 41 ጊዜ ይንቀጠቀጣል፤ 41 ሄርዝ ማለት ነው። የጊታር ወፍራሙ ክር 82 ሄርዝ ነው። የ41 ሄርዝ ድምፅ አንድ ሞገድ ከ8 ሜትር በላይ ይረዝማል። ይህን ያህል ሞገድ አየር ውስጥ ለመግፋት ትልቅ ሳጥን ያስፈልጋል። ደብል ቤዝ ቁመቱ ሰው ያክላል፤ ክሩም 105 ሴንቲሜትር አካባቢ ነው። የእኛው አኩስቲክ ቤዝ ግን አብዛኛውን ጊዜ ክሩ 34 ኢንች ነው፤ 86 ሴንቲሜትር ገደማ። ሳጥኑም ከተራ ጊታር ብዙ አይበልጥም። የተራ ጊታር ሳጥን በውስጡ ያለው አየር አብሮት የሚያስተጋባው 100 ሄርዝ አካባቢ ሲሆን ነው። የቤዙ ሳጥን ከዚህ ትንሽ ዝቅ ቢልም 41 ላይ አይደርስም። በዚያ ላይ ጆሯችን ራሱ ለዝቅተኛ ድምፅ ደካማ ነው።

ታዲያ እንዴት ነው ኢ ክሩን ጭራሽ የምንሰማው? ክሩ 41 ሄርዝ ብቻ አይሰጥም። 82፣ 123፣ 165 እያለ ወደ ላይ የሚሄዱ ድምፆችንም አብሮ ያወጣል። ጆሯችን እነዚህን ይሰበስብና የጎደለውን 41 ራሱ ይሞላዋል። በስልካችሁ ስፒከር ዘፈን ስትሰሙ ቤዙን ትከተላላችሁ አይደል? ያቺ ትንሽ ስፒከር 41 ሄርዝ የማውጣት አቅም የላትም። የምትሰሙት ከላይ ያሉትን ነው።

መፍትሄው ሁሉ ከዚህ ይጀምራል። ዝቅተኛውን ለማጉላት ክሩን አትደብድቡት። ከላይ ያሉትን ድምፆች መግቡት።

መጀመሪያ የምትመቱበትን ቦታ ቀይሩ። ብዙዎቻችን ከኤሌክትሪክ ቤዝ የመጣን ነን፤ እጃችን የፍሬቱ ሰሌዳ (አንገቱ ላይ የብረት መስመሮቹ፣ ፍሬቶቹ፣ ያሉበት) መጨረሻ ላይ ይቀመጣል። እዚያ ድምፁ ወፍራምና ለስላሳ ነው፤ ለብቻ ሲሰማ ደስ ይላል። ጊታር ሲገባ ግን ይዋጣል። እጃችሁን ክሮቹ ሳጥኑ ላይ ወደሚታሰሩበት ወደ ብሪጁ አስጠጉት፤ አስር ሴንቲሜትር እስኪቀር ድረስ። ለእናንተ ትንሽ ቀጭን ይመስላችኋል። ወንበሩ ማዶ ላለው ሰው ግን ድምፁ በግልጽ ይደርሰዋል። በአውራ ጣት ሥጋ መምታት በጣም ደብዛዛው ነው። ጥፍር ወይም ወፈር ያለ ፒክ (ክር መምቻ) ልዩነቱን ወዲያው ያሳያል።

ሁለተኛው ኦክታቭ ነው፤ ያው ኖታ በእጥፍ ከፍ ብሎ። ፍሬት ሳትይዙ ባዶውን ኢ ከመምታት የዲ ክርን ሁለተኛ ፍሬት ያዙ። ያው ኢ ነው፤ ግን 82 ሄርዝ ላይ። ሁለቱን አንድ ላይ ብትስቧቸው ደግሞ የተሻለ ነው። የሜክሲኮ ማሪያቺ ቡድኖች ይህን ከድሮ ጀምሮ ያውቁታል። ጊታሮን የሚባለው ሆዳሙ ቤዛቸው ስድስት ክር አለው። ተጫዋቹ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ክር በኦክታቭ አንድ ላይ ይስባል። በመለከትና በቫዮሊን መሃል የሚሰማውም በዚህ ነው።

ከእኛ ቤት ደግሞ በገናን አስቡ። ድምፁ ወደ ታች የወረደ ነው፤ ግን ክፍሉን ይሞላል። ምክንያቱ አውታሮቹ በሚያርፉበት ብርኩማ ላይ የምትገባው ቁራጭ ቆዳ ናት። አውታሩ ቆዳዋን እየነካካ ያንን የምታውቁትን ንዝረት ይፈጥራል። ያ ንዝረት ከላይ ያሉ ድምፆች ክምችት ነው። ቆዳዋን ብታወጧት ድምፁ ደብዛዛና ትንሽ ይሆናል። ቤዛችን ላይ ቆዳ አንከትም፤ ሐሳቡ ግን ያው ነው።

ሦስተኛው አቀማመጥ ነው። የድምፁ ቀዳዳ ወደ ፊት ስለሚያይ ግልጹ ድምፅ ለተጫዋቹ ጆሮ ቀንሶ ይደርሳል። ከጀርባችሁ የቤት ጥግ ይሁን፤ ግድግዳና ጥግ ዝቅተኛውን ድምፅ ያጠናክሩታል። ጊታሮቹ አጠገባችሁ ሳይሆን ትንሽ ራቅ ብለው ይቀመጡ።

"ሱቅ ውስጥ የበለጠው ቤት ሲደርስ አነሰ"

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ገንዘቡን ያጣል፤ ስለዚህ ረጋ ብለን እንየው።

አንድ ሱቅ ውስጥ ሁለት ቤዝ ጎን ለጎን ሞክሬ ነበር። አንደኛው ገና አዲስ ክር ነበረው። ሌላኛው ላይ ያለው ክር ደንበኛ ሁሉ ሲነካካው የከረመ፣ የጠቆረ ነበር። አዲስ ክር ያለው አሸነፈ፤ ገዛሁት። ከጥቂት ወራት በኋላ ክሩ ሲያረጅ ከዚያኛው ምንም ልዩነት አልነበረውም። ያወዳደርኩት ክር እንጂ ሳጥን አልነበረም።

ስለዚህ ስታወዳድሩ ክሩ ተመሳሳይ ዓይነትና ተመሳሳይ ዕድሜ ይሁን። ካልተቻለ ቢያንስ ልዩነቱን አውቃችሁ ስሙ። ከዚያ ሻጩን ወይም አብሯችሁ የመጣውን ሰው አጫውቱትና ሦስት ሜትር ራቁ። አንድ ሰው ደግሞ ጊታር ይዞ አብሮ ኮርድ ይምታ። ቤዙን ያለ ጊታር ብቻውን መፈተን ብዙም አይጠቅምም። ለብቻው በጣም ሞልቶ የሚሰማው ቤዝ ከጊታር ጋር ቀድሞ ሊጠፋ ይችላል። መሃሉ ጠንከር ያለው፣ ለብቻው "ትንሽ ደረቀብኝ" የሚባለው ደግሞ ይተርፋል።

የስልክ ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት) መለኪያን በጭፍን አትመኑት። አብዛኛዎቹ "ኤ" በሚባለው ሚዛን ነው የሚለኩት። ይህ ሚዛን 40 ሄርዝ ላይ ወደ 35 ዴሲቤል ገደማ ይቀንሳል፤ 100 ሄርዝ ላይ ደግሞ 19 ያህል። ኢ ክሩ ለመለኪያው የለም ማለት ይቻላል። "ሲ" የሚል ምርጫ ካለው እሱን ተጠቀሙ። እሱም ቢሆን የስልኩ ማይክ ዝቅተኛውን በደንብ ላይይዘው ይችላል።

"ቶኑ ካርቶን የመምታት ያህል ነው"

መጀመሪያ ክሩን ተጠራጠሩ። ላብና ቆሻሻ ጥምጥሙ መሃል ይገባና ከላይ ያሉትን ድምፆች ይገድላቸዋል። ያለ አምፕ ለመጫወት እስካሁን ከሞከርኳቸው ፎስፈር ብሮንዝ የተባለው የብረት ክር ይበልጥብኛል፤ ጥራትም ጉልበትም አለው። ከ0.045 እስከ 0.100 ኢንች ያለው ስብስብ ለመጀመር በቂ ነው። ላዩ ልሙጥ የሆነው ፍላትዋውንድና ጥቁር ናይለን የተጠመጠመበት ክር የደብል ቤዝ ዓይነት የሞቀ ቶን አላቸው። የጣት ፉጨትም የላቸውም። ለቀረጻ እወዳቸዋለሁ። ከሁለት ጊታር ጋር ሳትሰኩ ለመጫወት ግን ከላይ ያሉት ድምፆቻቸው ያንሳሉ።

የቤዝ ክር ውድ ነው፤ በየወሩ ቀይሩ አልላችሁም። ተጫውታችሁ ስትጨርሱ በደረቅ ጨርቅ ከላይም ከታችም ጥረጉት። ብረት ብቻ የሆነውን ክር አውልቆ አስር ደቂቃ መቀቀልና በደንብ ማድረቅም ለጥቂት ጊዜ ነፍስ ይዘራበታል። ናይለን ያለበትንና ሽፋን የተቀባውን ግን አትቀቅሉ።

"አንዱ ኖታ ይጮሃል፣ ጎረቤቱ ሞቷል"

ይህ የቤዙ ነው ወይስ የቤቱ? መጀመሪያ ይህን ለዩ። ወንበራችሁን አንስታችሁ ሌላ ክፍል ወይም በረንዳ ላይ ያንኑ ኖታ ምቱ። ጩኸቱ ከጠፋ ጥፋቱ የክፍሉ ነበር። ርዝመቱ 4 ሜትር የሆነ ክፍል 43 ሄርዝ አካባቢ ያለውን ድምፅ ያጎላል፤ ይህም የኢ ክር የመጀመሪያ ፍሬት፣ ኤፍ ነው። የብዙ ሰው ሳሎንና መኝታ ቤት ከዚህ ልኬት አይርቅም። መፍትሄው ከቦታ ቦታ መንቀሳቀስ ብቻ ነው፤ አንዳንዴ አንድ ሜትር ይበቃል።

በረንዳም ላይ ከጮኸ የሳጥኑ ነው። እያንዳንዱ ሳጥን አንድ ሁለት የሚወደው ኖታ አለው። ባዶ ጂ ክር 98 ሄርዝ ስለሆነና ሳጥኑ ከሚያስተጋባበት ስለሚቀርብ ከኢ ክር ይልቅ እሱ ቢጎላ አይግረማችሁ። የሚጮኸውን ኖታ በሌላ ክር ላይ ፈልጉት፤ ቀለል አድርጋችሁ ምቱት። ሌላ ነገር አያስፈልገውም።

"ጠንከር አድርጌ ስመታ ይንዛዛል"

ሳንሰካ ስንጫወት ሁላችንም ጠንከር አድርገን እንመታለን። ክሩ ሰፊ ይወዛወዝና ፍሬት ይነካል። ለኤሌክትሪክ እጅ የተስተካከለ ዝቅተኛ አክሽን (ክሩ ከፍሬቱ ያለው ከፍታ) እዚህ አይሠራም። 12ኛው ፍሬት ላይ በኢ ክር ስር ከ2.5 እስከ 3 ሚሊሜትር ቢኖር ጥሩ መነሻ ነው። ሳድሉን (ብሪጁ ላይ ክሩ የሚያርፍበትን ቀጭን ዘንግ) በ1 ሚሊሜትር ስታነሱት 12ኛው ፍሬት ላይ የሚጨምረው ግማሽ ሚሊሜትር ነው፤ ሒሳቡን በዚህ ያዙ። ከሳድሉ ስር ፒክአፕ (ድምፁን ወደ አምፕ የሚልክ መሣሪያ) ካለ ማነሻው ቀጭን ነገር ወጥ ሆኖ ይቀመጥ። ካልሆነ በተሰካ ጊዜ አንዱ ክር ከሌላው ያንሳል።

ወሩንም እዩ። በበጋ አየሩ ሲደርቅ የፊት እንጨቱ ይሰምጣል፣ ክሩ ዝቅ ይላል፣ መንዛዛት ይጀምራል። በክረምት ያብጥና ክሩ ከፍ ይላል። ከ45 እስከ 55 በመቶ እርጥበት ያለበት ቦታ ለእንጨቱ ይስማማዋል። በጥቅምት ሳይንዛዛ የነበረው በጥር ከጀመረ፣ ምንም ከመፍታታችሁ በፊት ቤዙን መያዣው (ኬዙ) ውስጥ ከእርጥብ ስፖንጅ ጋር ጥቂት ቀን አቆዩት። ስፖንጁ እንጨቱን አይንካው።

አንድ ኖታ ላይ ብቻ የሚመጣ "ዝዝዝ" ከሆነ ደግሞ ሳጥኑን በጣት መገጣጠሚያ ቀስ እያላችሁ አንኳኩ። ውስጥ የተላቀቀ ድጋፍ ወይም የፒክአፕ ሽቦ ድምፁን ያጋልጣል። የተላቀቀ ድጋፍ የባለሙያ ሥራ ነው።

"ታዲያ የትኛው ይሻላል?"

ሳይሰካ እንዲሰማ ታስቦ የተሠራው ጥልቅ ሳጥን አለው። እ.ኤ.አ. በ1972 ኧርኒ ቦል ከጆርጅ ፉለርተን ጋር ያወጣው ኧርዝውድ የተባለው አኩስቲክ ቤዝ መነሻው ያ የሜክሲኮው ጊታሮን ነበር። ሳጥኑ ግዙፍ ነው፤ ማቀፉ ያደክማል። ቫዮለንት ፌምስ የተባለው የአሜሪካ ባንድ ቤዚስት ብራያን ሪቺ በእሱ ነው የታወቀው። ከዚያ በኋላ የመጡት አብዛኛዎቹ ለመድረክ ሲባል ቀጥነዋል፤ ሳጥኑ ቀጭን ሲሆን አምፕ ላይ የሚፈጠረው ፉጨት (ፊድባክ) ይቀንሳልና። ቀጭን ሳጥንና ውስጡ ፒክአፕ ያለው ቤዝ ካያችሁ ለመሰካት የተሠራ መሆኑን እወቁ። የሙዚቃ ቴሌቪዥኑ ኤምቲቪ እ.ኤ.አ. በ1989 የጀመረው "አንፕለግድ" የተባለ ዝግጅት ስሙ "ያልተሰካ" ቢልም ቤዞቹ ወደ ድምፅ ሲስተሙ የተሰኩ ነበሩ። የቴይለር ጂኤስ ሚኒ ቤዝ ደግሞ ክሩ 23.5 ኢንች ብቻ ነው፤ ሶፋ ላይ ለመለማመድ ይመቻል። እሱን ከጥልቅ ሳጥን ጋር በጉልበት ማወዳደር ግን አግባብ አይደለም።

የእኔ ፍርድ እንዲህ ነው። አንድ ጊታርና አንድ ድምፃዊ ካላችሁ፣ ጥልቅ ሳጥን ያለው ቤዝ በፎስፈር ብሮንዝ ክር ሳይሰካ ይበቃል። ሁለት ጊታር ሲሆን ኦክታቩና ፒኩ ያስፈልጋሉ፤ ጊታሮቹም ቀነስ ማለት አለባቸው። ከበሮ ከገባ ግን እጃችሁን አትጉዱ። የእኛዎቹ ቤዝ ክራር ተጫዋቾችም ባንድ ውስጥ አምፕ ይጠቀማሉ። በባትሪ የምትሠራ ትንሽ አምፕ ወንበራችሁ ኋላ አድርጉና ሳጥኑ ብቻውን የሚሰጠውን ያህል እስኪመስል ድረስ ብቻ ክፈቷት።