አሮጌ ሚያታ ልትገዙ ነው? መጀመሪያ ተንበርከኩ

እዚህ ሜሪላንድ የመጀመሪያዋን ማዝዳ ሚያታ (ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ጣሪያዋ የሚከፈት ትንሽ የስፖርት መኪና) ስገዛ የሠራሁትን ጅልነት ልንገራችሁና እንጀምር። ቀይ ናት። ታጥባ፣ ተወልውላ፣ ጣሪያዋ ተከፍቶ ነው የጠበቀችኝ። ሞተሯን አስነሳሁ፣ ድምጿ ደስ አለኝ፣ ሰፈሩን አንድ ዙር ዞርኩና ዶላሬን ቆጠርኩ። ከሁለት ወር በኋላ አንድ መካኒክ ሰቅሏት ከበሩ ሥር ያለውን ላሜራ ጫን ሲለው ጣቱ ገባ። ጣቱ ነው የምላችሁ፣ መፍቻ እንኳን አልያዘም።

የማወራው ስለ መጀመሪያው ትውልድ ነው። በ1989 ቺካጎ የመኪና ትርኢት ላይ ታይታ እስከ 1997 የተሠራችው፣ የፊት መብራቷ ተኝቶ የሚነሳው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። ሞተሯ ቻይ ነው። መለዋወጫዋ አሜሪካ ውስጥ እንደ ልብ ይገኛል። የሚያስለቅሰው ዝገቱ ነው። ሞተርም ካምቢዮም አውጥቶ ሌላ መግጠም ይቻላል፤ የበሰበሰ ቦዲ ግን የብየዳው፣ የስቱኮው (ጉድጓድ መሙያ ለጥፉ)፣ የቀለሙ ሒሳብ ሲደመር መኪናዋ ከምታወጣው ሊበልጥ ይችላል። ስለዚህ እንደ ሁላችንም ኮፈን ከፍታችሁ አትጀምሩ።

ከመሄዳችሁ በፊት

ሻጩን ደውላችሁ ሦስት ነገር ጠይቁት። ሊብሬው (እዚህ ታይትል የሚሉት) በስሙ ነው ወይ? የታይሚንግ ቺንጊያው (የቫልቮቹን ሰዓት ከክራንኩ ጋር የሚያስተካክለው ቀበቶ) መቼ ተቀየረ፣ ደረሰኝስ አለው? ሦስተኛው ጥያቄ ሳይሆን ልመና ነው፦ እስክንመጣ ሞተሩን አታስነሳ በሉት፤ የሞቀ ሞተር ጉዱን ይደብቃል። የሻሲ ቁጥሩን ተቀብላችሁ ታሪኳን በኢንተርኔት አውጡ፤ ግን ንጹሕ ወረቀት መጣ ብላችሁ አትዘናጉ፣ ለኢንሹራንስ ያልተነገረ ግጭት እዚያ ላይ አይወጣም። ሳልቬጅ (በጉዳት ምክንያት ኢንሹራንስ የጣላት) የሚል ካለ እኔ አልሄድም።

ይዛችሁ የምትሄዱት፦ ባትሪ መብራት፣ በጨርቅ የተጠቀለለች ትንሽ ማግኔት፣ ግማሽ ሊትር ውሃ፣ አንድ ትልቅ ካርቶን። በቀን ሂዱ። ዝናብ እየዘነበ ከሆነ ቀጠሮውን አዛውሩት፤ እርጥብ ቀለም ጉድ ይሸፍናል።

አሁን ተንበርከኩ

ካርቶኑን አንጥፉና ከበሩ ሥር፣ ከኋላ ጎማው ፊት ለፊት ያለውን ላሜራ እዩ። የሚያታ ገዳይ በሽታ እዚህ ነው የሚጀምረው። ምክንያቱን ካወቃችሁ ፍለጋው ይቀላችኋል። የጨርቅ ጣሪያው ላይ የወረደ ዝናብ ከወንበሮቹ ጀርባ፣ በግራና በቀኝ ባሉ ሁለት ቀጫጭን ቱቦዎች ወደ መሬት እንዲወርድ ነው የተሠራው። ቱቦው በቅጠልና በአፈር ሲደፈን ውሃው መሄጃ ያጣና ወይ ምንጣፉ ሥር ይገባል፣ ወይ የላሜራው ሆድ ውስጥ ይተኛል። ዝገቱ ከውስጥ ወደ ውጭ ነው የሚመጣው። ቀለሙ ላይ አንዲት ቡግር የምታህል እብጠት ካያችሁ ከጀርባዋ ያለው ብረት አልቋል ማለት ይቻላል። በዚያ ላይ እዚህ አካባቢ በብርዱ ወራት በረዶውን ለማቅለጥ መንገዱ ጨው ይበተንበታል፤ ጨው ደግሞ ዝገቱን ያፋጥነዋል።

ማግኔቷን ከነጨርቋ እዚያ ቦታ ላይ አስጠጉና ቀስ እያላችሁ ጎትቱ። ጥሩ ብረት ላይ ለቀም ታደርጋለች። ድንገት ከላላች ወይም ከወደቀች ከቀለሙ ሥር ስቱኮ አለ። ሁለቱንም ጎን ሞክሩ፤ አንዱ ለቅሞ ሌላው ካልለቀመ መልሱን አገኛችሁ።

ቀጥሎ ውሃው። ሻጩን አስፈቅዳችሁ፣ ጣሪያውን ግማሽ ከፍታችሁ፣ ከቀበቶው ማማ (የመቀመጫ ቀበቶው ከተሰቀለበት ምሰሶ) ጀርባ ባለው ቀዳዳ ቀስ አድርጋችሁ አፍስሱ። ከታች፣ ከኋላ ጎማው ፊት፣ ወዲያው መውረድ አለበት። ካልወረደ የት እንደገባ ለመገመት መካኒክ መሆን አያስፈልግም። ምንጣፉንም በእጃችሁ ጫኑት፤ ከረጠበ ወይም የሻጋታ ሽታ ካለው ያው ነው።

ተኝታችሁ እያላችሁ ወደ ውስጥ አብሩ። ከፊት ወደ ኋላ የሚሄዱት ሁለት ረጃጅም የሻሲ ብረቶች ተጨፍልቀው ልታገኙ ትችላላችሁ። አትደንግጡ፣ ብዙ ሰው ክሪክ ያለቦታው እየሰካ ነው ያበላሻቸው። ካልተቀደዱና ካልበሰበሱ እኔ አልፋቸዋለሁ። ከፊት መብራቱ አካባቢ የተጣመመ ብረት ወይም አዲስ ብየዳ ካያችሁ ግን ተጋጭታለች። የኮፈኑ ክፍተት ግራና ቀኝ እኩል መሆኑን አጣሩ።

የኋላውን ኮፈንም ክፈቱ። ባትሪዋ እዚያ ነው ያለችው፣ በቀኝ በኩል። የማይሆን ባትሪ ተገጥሞ አሲድ ሲያንጠባጥብ ሥሩ ያለውን ብረት ይበላዋል፤ ምንጣፉን ገልጣችሁ እዩ።

ሞተሩ

አሁን ኮፈኑን ክፈቱና እጃችሁን ሞተሩ ላይ አድርጉ። ሙቅ ከሆነ ሻጩ ለምን እንዳሞቀው ጠይቁ። የዘይት ክዳኑን ስታወጡ ውስጡ ማኪያቶ የመሰለ ነገር ከተለጠፈበት የራስጌው ጓርኒሲዮን (ከሞተሩ ራስ ሥር ያለው ማሸጊያ) ተበልቶ ሊሆን ይችላል። የራዲያተሩ የላይኛው ፕላስቲክ ጥቁር መሆን ሲገባው ወደ ቡናማ ካደላ ሊሰነጠቅ ተቃርቧል፤ ርካሽ ስለሆነ ዋጋ መቀነሻ አድርጉት።

አስነሱት። ከላይ ጠክ ጠክ የሚል ቀጭን ድምፅ የዚህች ሞተር አመል ነው፣ ብዙ ጊዜ ሲሞቅ ወይም ዘይት ሲቀየር ይጠፋል። ከሥር የሚመጣ ወፍራም ዱብ ዱብ ከሆነ ግን አመስግናችሁ ሂዱ። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እያቃጠለ ነው።

የ1990 ወይም የ1991 መጀመሪያ ከሆነች አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። የእነዚህ 1.6 ሊትር ሞተር ክራንክ (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዋና ዘንግ) አፍንጫ፣ ማለትም የፊት ጫፉ፣ አጭር ነው፤ የፊት ብሎኑ ከላላ ክራንኩ ራሱ ይበላል። ከታች ያለችውን ፑሊ (ክራንኩ ጫፍ ላይ ያለችውን የቺንጊያ መዘውር) ስትዞር እዩዋት፣ ከተወላገደች ተዉት። ሞተሩ ሲጠፋ ደግሞ ፑሊዋ ላይ ያሉትን ቀዳዳዎች ቁጠሩ፦ አራት ከሆኑ አጭሩ፣ ስምንት ከሆኑ የተሻሻለው ነው።

የዘይት ማንጠባጠብ ላይ ላስጠንቅቃችሁ። አንድ ጋራዥ ካምቢዮው ወርዶ የክራንኩ የኋላ ሲል (ዘይት እንዳይወጣ የሚያሽገው ጎማ) ካልተቀየረ ብሎኝ ነበር፣ ዋጋው ያስተክዛል። ሌላ ሰው ሲያየው ዘይቱ የሚመጣው ከሞተሩ ራስ ጀርባ ካለው ሴንሰር ነው፤ የቀለበት ያህል ጎማው ደርቆ ዘይቱ በካምቢዮው ላይ ይወርዳል። ጎማው ጥቂት ዶላር ነው። ከላይ ሳታበሩ ከሥር አትፍረዱ።

የታይሚንግ ቺንጊያ በየ60,000 ማይል ይቀየራል። ቢበጠስም ቫልቭና ፒስተን አይጋጩም፣ መንገድ ላይ መቆም ብቻ ነው። ግን ደረሰኝ ከሌለ አልተቀየረም ብላችሁ ሒሳቡን ከዋጋው ቀንሱ።

ስትነዷት

ፍሪሲዮኑ ወለል ጋ ሲደርስ ብቻ የሚይዝ ከሆነ፣ ወይም አንደኛ ማርሽ እንቢ ካለ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከታች ያለችው የፍሪሲዮን ፖምፓ ናት፤ ትንሽ ወጪ። ካምቢዮው ሳይሞቅ ሁለተኛ ላይ ትንሽ ቢያንገራግር የተለመደ ነው፣ ከሞቀ በኋላም ካንኮሻኮሸ ግን አይደለም። ቀጥ ባለ ባዶ መንገድ መሪውን ላላ አድርጉ፣ ፍሬን ያዙ፣ ወደ ጎን ትስባለች? የኋላ ፍሬን መያዣዎቿ መንከስ ይወዳሉ፤ ስትመለሱ ቸርኬውን በእጅ ጠጋ ብላችሁ ከሌሎቹ ይልቅ የጋለ ካለ እሱ ነው። እስከ 1994 ያሉት የዘይት ግፊት ጌጅ እውነተኛ ነው፣ ነዳጅ ስትሰጡ ሲወጣ ሲወርድ ይታያል፤ ከ1995 ወዲህ ያለው መሃል ላይ ወጥቶ የሚቆም ማስመሰያ ነው፣ አትመኑት።

ቁመታም ከሆናችሁ ጣሪያውን ዘግታችሁ ነድታችሁ እዩ። አንድ ጓደኛዬ ሁሉን ነገር አረጋግጦ ገዝቶ አናቱ ጣሪያውን እየነካ አንድ ወር ነድቶ ሸጣት።

ስትጨርሱ ካርቶኑን ሥሯ አንጥፉና አሥር ደቂቃ ከሻጩ ጋር አውሩ። ያኔ ካርቶኑ ላይ የወደቀውን እዩ። ያየነው ሁሉ ደህና ከሆነ፣ ከሻጩ ጋር የማይተዋወቅ መካኒክ ካንዴላዎቹን አውጥቶ የአራቱን ሲሊንደር ግፊት ይለካላችሁ። የአንዱ ከሦስቱ ብዙ ካነሰ አትግዟት።

የአሁኗን ሚያታዬን ያገኘሁት በስድስተኛው ሙከራ ነው። ቀለሟ የደበዘዘ፣ የኋላ ፕላስቲክ መስኮቷ በቴፕ የተጣበቀ፣ ማንም ዞር ብሎ የማያያት ነበረች። ውሃውን ስጨምር በሁለቱም በኩል ኩልል ብሎ ወረደ፤ ሻጩ መኪናዋ የምታንጠባጥብ መስሎት ደነገጠ፣ እኔ ቦርሳዬን አወጣሁ።