የትኛው የሕግ ትምህርት ቤት? ለዲኤምቪ አዲስ ገቢዎች

በዲቪ፣ በቤተሰብ ወይም በጥገኝነት ወደ ዋሽንግተን አካባቢ (ዲኤምቪ፣ ማለትም ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ) ከመጡ ወገኖቻችን መካከል ሕግ ለመማር የሚያስቡት ጥቂት አይደሉም። ሲያማክሩኝ አብዛኞቹ የደረጃ ሰንጠረዥ ከፍተው ነው የሚመጡት። እኔ ግን ከደረጃው በፊት አንድ ነገር እጠይቃለሁ፦ ስትመረቁ የማንን ጉዳይ ይዛችሁ የት ፍርድ ቤት መቆም ትፈልጋላችሁ?

ይህን የምለው የጥብቅና ፈቃድ የሚሰጠው እያንዳንዱ ስቴት ለየራሱ ስለሆነ ነው። እንደ ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ቨርጂኒያና ጆርጅታውን ያሉት ስማቸው አገር አቋርጦ ይሠራል። ከእነሱ ውጭ ያሉት ብዙዎቹ ጥሩ ትምህርት ቤቶች ግን ክብራቸው ባሉበት አካባቢ ነው። ከባልቲሞር ዩኒቨርሲቲ የተመረቀ ሰው በሜሪላንድ ፍርድ ቤቶች ውስጥ የትምህርት ቤቱን ልጆች በዳኝነትም፣ በዐቃቤ ሕግነትም፣ በጥብቅናም ያገኛቸዋል። ያው ሰው ዳላስ ሄዶ ሥራ ቢጠይቅ ቀጣሪው ስለ ትምህርት ቤቱ ብዙም ላያውቅ ይችላል። የሪችመንድ ዩኒቨርሲቲም ለቨርጂኒያ እንደዚሁ ነው። በበጋ የምትሠሩበት ቢሮ፣ ቃለ መጠይቅ የሚጠራችሁ አሠሪ፣ ምክር የሚለግሳችሁ የቀድሞ ተማሪ፣ ሁሉም በአብዛኛው ከትምህርት ቤቱ ዙሪያ ነው የሚገኘው።

ከእኛ ሰው ብዙው የሚነግረኝ ፍላጎት የኢሚግሬሽን ሕግ ነው። ይህ ዘርፍ የፌዴራል ስለሆነ ከየትኛውም ስቴት የተገኘ ፈቃድ በኢሚግሬሽን ፍርድ ቤት ያስቆማል። በዚህ ምክንያት "እንግዲያው የት ብማር ምን ለውጥ አለው?" የሚል አለ። ለውጥ አለው። ለጥገኝነት ማመልከቻ የመጣ ደንበኛ ቆይቶ በፍቺ፣ በመኪና አደጋ፣ በቤት ኪራይ ክርክር መምጣቱ አይቀርም፤ ለእነዚህ ደግሞ የአካባቢው ፈቃድ ያስፈልጋል። የዲኤምቪ ልዩ ችግርም ይኸው ነው፤ ሜሪላንድ ያለው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ዲሲ፣ ቨርጂኒያ ያለው አሌክሳንድሪያ በመኪና ጎረቤት ሆነው ሳለ ሦስት የተለያዩ ፈቃዶች ናቸው። ሜሪላንድና ዲሲ ውጤቱ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚዛወር የጋራ ባር ፈተና (የጥብቅና ፈቃድ ፈተና) ተቀብለዋል፤ በዚህ ፈተና የሁለቱም ማለፊያ 266 ሆኖ ቆይቷል፣ የኒውዮርክም እንደዚሁ። ቨርጂኒያ የራሷን ፈተና ይዛ ቆይታለች። ሜሪላንድ ከጁላይ 2026 ጀምሮ፣ ሌሎችም በየተራ፣ ወደ አዲስ ዓይነት ፈተና ስለሚሻገሩ በምትመረቁበት ዓመት የሚኖረውን ከየስቴቱ የባር ቦርድ አረጋግጡ። ደንበኞቼ አሌክሳንድሪያና አርሊንግተን ያሉት ናቸው የሚል ሰው ግን ቨርጂኒያን ከመጀመሪያው አስቦ መነሳት አለበት።

ኢሚግሬሽን ለሚፈልግ ሰው ከደረጃው ይልቅ ክሊኒኩን ቢያይ እመርጣለሁ። ክሊኒክ ማለት ተማሪው በመምህር ክትትል እውነተኛ ደንበኛ ይዞ የሚሠራበት ክፍል ነው። ጆርጅታውንና አሜሪካን ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የጥገኝነት ጉዳይ የሚይዙባቸው ክሊኒኮች አሏቸው። የዲሲው የሕዝብ ዩኒቨርሲቲ፣ ዩዲሲ፣ ክሊኒክን የመመረቂያ ግዴታ አድርጎታል፤ ክፍያውም በአካባቢው ካሉት ዝቅተኛ ከሚባሉት ነው። ለሕዝብ ጥብቅና የቆረጠ ሰው ሰንጠረዡ ላይ ዝቅ ብሎ ስላየው ብቻ ዩዲሲን ባይዘለው ደስ ይለኛል።

ስለ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሳላነሳ አላልፍም። የመጀመሪያው ጥቁር የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ ተርጉድ ማርሻል የባልቲሞር ልጅ ነበር፤ የከተማው የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ጥቁር ስለማይቀበል ከባልቲሞር ዋሽንግተን በባቡር እየተመላለሰ ሃዋርድ ተምሮ በ1933 ተመረቀ። ብዙም ሳይቆይ ያንኑ የሜሪላንድ ትምህርት ቤት በር በክስ ካስከፈቱት ጠበቆች አንዱ ሆነ። በሲቪል መብት ሥራ ላይ ልባቸው ያለ ልጆቻችን ይህን ቤት ከዝርዝራቸው አናት ላይ ቢያስቀምጡት አይበዛበትም።

ቤተሰብ ያለው ሰው ከሁሉ በፊት የምሽት ክፍል መኖሩን ይጠይቅ። በቀን ሦስት ዓመት የሚፈጀው ትምህርት በምሽት አራት ዓመት ይወስዳል፤ ጆርጅታውን፣ የባልቲሞር ዩኒቨርሲቲ፣ እንዲሁም አርሊንግተን ያለው የጆርጅ ሜሰን ትምህርት ቤት የምሽት ተማሪ ይቀበላሉ። እዚህ ላይ ቦታ ከስም ይበልጣል ብዬ አምናለሁ። የአንደኛው ዓመት ንባብ እንግሊዝኛ አፍ መፍቻው ለሆነም ከባድ ነው፤ ከሥራ ወጥቶ በየምሽቱ ሁለት ሰዓት ቤልትዌይ (ዋሽንግተንን የሚዞረው አውራ ጎዳና) ላይ የሚቆም ሰው ያን ንባብ መቼ ያነበዋል? የጆርጅ ሜሰኑ ለቨርጂኒያ ስኩዌር ሜትሮ ጣቢያ ቅርብ ነው፤ የባልቲሞሩ ከፔን ስቴሽን ጥቂት እርምጃ ስለሆነ ከዩኒየን ስቴሽን ወይም ከኒው ካሮልተን በማርክ ባቡር እያነበቡ መሄድ ይቻላል። አራቱ ዓመት ሌላም ጥቅም አለው፤ እንደ ፍትሕ ሚኒስቴር ያሉ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ለጠበቃነት በአብዛኛው ዜግነት ስለሚጠይቁ፣ ግሪን ካርድ ይዞ የገባ ሰው ሲመረቅ ለዜግነት ማመልከቻው አምስት ዓመት ተቃርቧል።

ወደ ገንዘቡ ስንመጣ፣ ግሪን ካርድ ያለው፣ ስደተኛ ሆኖ የገባና ጥገኝነት የተፈቀደለት ሰው የፌዴራል ብድር ማግኘት ይችላል፤ ጉዳዩ ገና በሂደት ላይ ያለ ግን አይችልም። ወጪውን ሙሉ ይሸፍን የነበረው ግራድ ፕላስ የተባለው የፌዴራል ብድር ከጁላይ 1፣ 2026 ጀምሮ ለአዲስ ተበዳሪ ቀርቷል፤ የሕግ ተማሪ ጣሪያ በዓመት 50,000፣ በጠቅላላው 200,000 ዶላር ሆኗል። ስለዚህ ውድ ትምህርት ቤት የገባ ሰው ቀሪውን ከግል ባንክ ሊበደር ነው ማለት ነው። የሕዝብ ትምህርት ቤት የነዋሪ ክፍያ ለማግኘት አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓመት መኖርን ማስረዳት ያስፈልጋል፤ የኪራይ ውልና የታክስ ወረቀታችሁን አትጣሉ። ስኮላርሺፕ ሲሰጣችሁ ደግሞ ውጤት ከቀነሰ የሚወሰድ መሆን አለመሆኑን በጽሑፍ ጠይቁ። ውጤት የሚሰጠው በውድድር ስለሆነ ጎበዝ ተማሪም ሊያጣው ይችላል። ምን ያህል ተማሪ ስኮላርሺፕ እንደተወሰደበት፣ ስንቱ ባር እንዳለፈ፣ ስንቱ ከተመረቀ በአሥር ወር ውስጥ በጠበቃነት እንደተቀጠረ እያንዳንዱ ዕውቅና ያለው ትምህርት ቤት በየዓመቱ የማውጣት ግዴታ አለበት። ከብሮሹሩ ይልቅ ያንን ሰነድ አንብቡ።

አገር ቤት ሕግ የተማራችሁ ሌላ መንገድ አላችሁ። የአንድ ዓመት ኤልኤልኤም (የሕግ ማስተርስ) ለኒውዮርክ ባር ፈተና ያስቀምጣል፤ 24 ክሬዲት፣ በተወሰኑ ኮርሶች፣ የባር ቦርዱ የኢትዮጵያ ዲግሪያችሁን አስቀድሞ ገምግሞ ከፈቀደ። ዲሲ 26 ክሬዲት ይጠይቃል። ቨርጂኒያ ግን ኤልኤልኤም ብቻውን አይበቃትም፤ እዚያ ለመሥራት የወሰነ ሰው ጄዲ (መደበኛው የአሜሪካ የሕግ ዲግሪ) ይግባ፣ ትምህርት ቤቱንም ለቀድሞ ትምህርቱ ክሬዲት ይሰጠው እንደሆነ ይጠይቅ፤ የትምህርት ቤቶቹ የዕውቅና ደንብ እስከ አንድ ሦስተኛ ይፈቅዳል። ከመመዝገባችሁ በፊት ኮርሶቹ የቦርዱን መስፈርት ማሟላታቸውን ራሳችሁ አረጋግጡ፤ ዓመቱን ጨርሶ አንድ ኮርስ ጎደለብህ መባል በጣም ያማል።

ለኤልሳት (የሕግ ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና) ማጥናት ስትጀምሩ ትራንስክሪፕታችሁንም አብራችሁ አንቀሳቅሱት። አገር ቤት ከተማራችሁበት ዩኒቨርሲቲ በቀጥታ መላክ አለበት፤ አዲስ አበባ ያለ ዘመድ በውክልና ሬጅስትራር ደጅ መመላለሱ አይቀርም። ወጪ መጋራቱ ካልተከፈለ ዩኒቨርሲቲው ኦሪጅናሉን ስለማይለቅ፣ ማመልከቻው ከመከፈቱ ብዙ ወራት አስቀድማችሁ እሱን ጨርሱ።