ብቻችሁን ወደ ኖራ ድንጋይ ሸለቆ ከመውረዳችሁ በፊት

ካርታው ላይ ያለውን ወንዝ አትመኑ። ዝናብ የኖራ ድንጋይን ቀስ በቀስ እያሟሟ ስንጥቁን ስለሚያሰፋው ውሃው ብዙ ጊዜ ወደ መሬት ውስጥ ይሰርጋል፤ ስትደርሱ የሚጠብቃችሁ ደረቅ ጠጠር ሊሆን ይችላል። ለቀኑ ቢያንስ 3 ሊትር ያዙ፣ ሙቀት ካለ ከዚያም በላይ።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ! ለማረፍ ከመቀመጣችሁ በፊት ቀና ብላችሁ ገደሉን እዩ። ከራሳችሁ በላይ ስንጥቅ ውስጥ የተሰነቀረ ግንድ ወይም ደረቅ ሣር ካለ፣ ጎርፉ እዚያ ድረስ ደርሶ ያውቃል ማለት ነው። እናንተ ጋ ሰማዩ ጥርት ቢልም ራስጌ የዘነበው ይመጣል። ውሃው ድንገት ከደፈረሰ ዕቃ ለመሰብሰብ አትዘግዩ፣ ወደ ከፍታው ውጡ።

ስልክ እዚያ ውስጥ ላይሠራ ስለሚችል፣ መንገዳችሁንና የምትመለሱበትን ሰዓት ለአንድ ሰው ነግራችሁ ሂዱ።