የችግኝ መብራት ከፍታ በደጋ ቤት

ከኅዳር እስከ ጥር የደብረ ብርሃን ውርጭ ደጅ ያደረ የቲማቲም ችግኝ አይምርም። ስለዚህ በሃይድሮፖኒክ ዘዴ፣ ያለ አፈር፣ በስፖንጅና ማዳበሪያ በተበጠበጠበት ውሃ ቤት ውስጥ ከላይ መብራት ሰቅሎ ማፍላት ጥሩ መላ ነው። ጀማሪን የሚያሳስተው ብርዱ ነው። እኔም ችግኞቼ የበረዳቸው መስሎኝ መብራቱን ዝቅ አደረግሁላቸው፤ በሦስተኛው ቀን የቅጠላቸው ጫፍ ነጣ። የኤልኢዲ መብራት ምድጃ አይደለም።

መጀመሪያ መብራቱን በሁለት ጫፉ በሰንሰለት ስቀሉት፤ ከፍ ዝቅ ማድረግ የሚቻለው ያን ጊዜ ነው። በሚስማር የተመታ መብራት ከሳምንት በኋላ ያስቆጫል። የኤሌክትሪኩ ሽቦ ወደ ሶኬቱ ከመድረሱ በፊት ወደ ታች ደገን ይበል፤ የተንጠባጠበ ውሃ ሽቦውን ተከትሎ ሶኬቱ ውስጥ አይገባም።

ከዚያ ለኩ። ልኬቱ ችግኞቹ ከተደረደሩበት ሳህን ሳይሆን ከረጅሙ ችግኝ አናት ነው። የቱቦ ቅርጽ ላለው ደካማ መብራት ከ10 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር፣ ጠንከር ላለ ጠፍጣፋ መብራት ከ40 እስከ 60 ሴንቲ ሜትር መነሻ ይሆናል። አምራቹ የጻፈው ካለ ከእሱ ጀምሩ።

የቀረውን ችግኙ ይነግራችኋል። ግንዱ ቀጥኖ ከተመዘዘና ወደ አንድ ወገን ካዘመመ ብርሃን አንሶታል፤ መብራቱን 5 ሴንቲ ሜትር አውርዱና ሁለት ቀን ጠብቁ። የቅጠሉ ጠርዝ ወደ ላይ ከታጠፈ ወይም ከነጣ በዝቶበታል፤ በዚያው ልክ ከፍ አድርጉ። ሁለቱንም በአንድ ሳህን ላይ ካያችሁ ብርሃኑ መሐል ላይ ተከማችቷልና የመሐሉንና የዳሩን ችግኞች በየቀኑ አቀያይሩ። የእጃችሁን ጀርባ በቅጠሉ ከፍታ ለግማሽ ደቂቃ ያዙ፤ ከሞቃችሁ መብራቱ ቀርቧል። ካልሞቃችሁ ግን ርቀቱ ልክ ነው ማለት አይደለም፤ ኤልኢዲ ሳያሞቅም ቅጠል ያነጣል።

ችግኝ ስለሚያድግ ርቀቱ በራሱ ይጠብባል፤ በየሁለት ሦስት ቀኑ እንደገና ለኩ። ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ማብራት ለሰላጣም ለቲማቲምም ይበቃል።

ብርዱን በሌላ መንገድ ተከላከሉ፦ የውሃውን ዕቃ ከሲሚንቶው ወለል አንሥታችሁ ጣውላ ላይ አስቀምጡ፣ ሌሊት ሳህኑን በስስ ፕላስቲክ ሸፍኑ፣ ጠዋት ግለጡ። መብራት ጠፍቶ ሰዓት ከባከነ ደግሞ ምሽት ላይ አካክሱ እንጂ ለማካካስ ብላችሁ አታውርዱት።